ኮድ ሳይማሩ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማሳመር

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። በቀን ከ15 እስከ 20 ደብዳቤ እጽፋለሁ። የምሠራው በወርድ ነው። የድሮ ደብዳቤ እከፍትና ስሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ቀይሬ አትማለሁ። አንዳንዴ የድሮው ተቀባይ ስም ግልባጩ ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ‹ከሠላምታ ጋር› ብቻዋን ሁለተኛ ገጽ ላይ ትወርዳለች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የአክስቴ ልጅ ላቴክ የሚባል ነገር አለ፣ ደብዳቤው እንደ መጽሐፍ ያምራል አለኝ። ከፍቶ ሲያሳየኝ ግን ሁሉም ኮድ ነው። እኔ ኮድ የምማርበት ጊዜም ትዕግሥትም የለኝም። ያለ ኮድ እንደዚያ የሚያሳምር ሶፍትዌር አለ ወይ?»

አለ። ምናልባትም አሁን ጠረጴዛዎ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። የሚጎድለው ሶፍትዌሩ ሳይሆን አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ቴምፕሌት፣ ማለትም ቅርጹ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ባዶ ደብዳቤ ነው። ይህን ያልኩት ጥያቄውን ለማቃለል አይደለም፤ እኔም ዓመታት የፈጀሁት የተሻለ ፕሮግራም ፍለጋ ነው።

የአክስትዎ ልጅ አልዋሸም። ላቴክ የተሠራው ቴክ በሚባል የፊደል ማሰናጃ ፕሮግራም ላይ ነው። የቴክ ባለቤት ዶናልድ ክኑት የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የራሱ መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ሲል የማረሚያ ገጾቹ መጡለት። የፊደሉን አጣጣል ሲያይ አስጠላው። ሌላ ሰው ቢሆን ማተሚያ ቤቱን ተቆጥቶ ይተወው ነበር። እሱ ግን የራሱን ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት የሚባል ሌላ ሊቅ በዚያ ላይ ላቴክን ጨመረበት።

ላቴክን ላቴክ ያደረገው ግን ኮዱ አይደለም። ሐሳቡ ነው። እርስዎ «ይህ አድራሻ ነው፣ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ መዝጊያ ነው» ብለው ይነግሩታል። የት እንደሚቀመጥ፣ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚራራቅ፣ ፊደሉ ምን ያህል እንደሚወፍር እሱ አንድ ጊዜ ተነግሮታል። ስለዚህ መቶኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። እርስዎ የወደዱት ይህንን ነው። ይህ ደግሞ ያለ ኮድ ይገኛል።

የእኛ ደብዳቤ እንዲያውም ለዚህ የተመቸ ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንኮበርና ልቼ ሆነው ያጻፏቸው ደብዳቤዎች ፎቶ ገጥሞዎት ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይላሉ። ማህተሙ ከላይ ነው። «ይድረስ ከ» ይላል። ሰላምታው ይከተላል። ጉዳዩ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የተጻፈበት ቦታና ቀን አለ። የጸሐፊው እጅ ቢለያይም ቅርጹ አይለያይም፤ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ቴምፕሌቱን በጭንቅላቱ ይዞት ነበር ማለት ነው። የዛሬው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም እንደዚያው ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ከተማ፣ ጉዳዩ፣ ሐተታው፣ ከሠላምታ ጋር፣ ስምና ኃላፊነት፣ ግልባጭ። ካለ ደግሞ አባሪ። የሚለዋወጠው ውስጡ የሚገባው ነገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ።

ላቴክን ያለ ኮድ ለመጠቀም ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም በእርግጥ አለ። ሊክስ ይባላል። ማቲያስ ኤትሪሽ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመረው፣ ነጻ ነው፣ እስካሁንም አለ። ሲከፍቱት ወርድ ይመስላል። ከላይ ካለው ተዘርጋፊ ዝርዝር «የተቀባይ አድራሻ»፣ «መዝጊያ»፣ «ግልባጭ» የሚሉትን ዓይነት እየመረጡ ይጽፋሉ፤ ኮዱን እሱ ከጀርባ ያዘጋጃል። የሂሳብ ቀመር የበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ሊክስ እለው ነበር።

ለእርስዎ ግን አልመክረውም። ምክንያቴን ልንገርዎት።

ሊክስ ብቻውን አይሠራም። ላቴክን ራሱን የያዘ ቴክ ላይቭ ወይም ሚክቴክ የሚባል ጥቅል ከጀርባው መጫን አለበት። ሙሉው ቴክ ላይቭ ብዙ ጊጋባይት ነው። ሚክቴክ በትንሹ ይጀምራል፣ ግን የጎደለውን ነገር በጎደለ ቁጥር ከኢንተርኔት ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። አማርኛ እንዲቀበል ደግሞ የዶክመንት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ፎንቶች በሚለው ሥር «ነን ቴክ ፎንትስ» የሚለውን ማብራት፣ ከዚያ በዚቴክ ወይም በሉዋቴክ ማተም ያስፈልጋል። እዚህ ድረስ ችግር የለም፤ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ያልፋል።

የማያልፈው ሌላ ነው። የላቴክ መደበኛ ደብዳቤ የፈረንጅ ደብዳቤ ነው። «ውድ አቶ እገሌ» የሚለው የሰላምታ መስመር ከሌለ አድራሻውንም ቀኑንም አያወጣም። ቃል በቃል፤ ሰላምታው ነው ሁሉንም የሚያስወጣው። የእኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ ሰላምታ የለውም፤ ከ«ጉዳዩ» በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል። የፈረንጁ ቅርጽ ደግሞ «ጉዳዩ» የሚባል ቦታ ጨርሶ የለውም። ግልባጭ ሲሉት በእንግሊዝኛ ይጽፍልዎታል። ያንን ወደ አማርኛ ለመቀየር የሚጻፈው ምንድን ነው? ኮድ። ከሸሹት ነገር ጋር በጓሮ በር ተገናኙ ማለት ነው። «ጉዳዩ» ያለው ሌላ የደብዳቤ ዓይነት ሊክስ ውስጥ አለ፤ ጀርመን አገር የተሠራ ነው። እሱም ለጀርመን ፖስታ መስኮት ተብሎ የተለካ ስለሆነ አድራሻውን ከእኛ ሌተርሄድ ጋር ለማስማማት ሲታገሉ ይውላሉ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሊብሬኦፊስ ራይተር የሚባለው፣ እንደ ወርድ ያለ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ አንድ ጊዜ በፍላሽ ከወሰዱት ያለ ኢንተርኔት ይጫናል፣ ላይሰንስ አለቀ ብሎ አያስቸግርም። ወርድን መተው ካልፈለጉም እዛው ይቀጥሉ። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው በወርድም አለ፣ የቁልፎቹ ስምና ቦታ ግን ይለያል። ዋናው ነገር የድሮ ደብዳቤ ከፍቶ መቀየሩን መተው ነው። ግልባጩ ላይ የሚቀረው የሰው ስም የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የወርድ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ፊደሉን።

የምትጽፉበት ፎንት ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አሠራር) ነው ወይስ የድሮ? ለማወቅ ቀላል ነው። አንድ መስመር ይምረጡና የፎንቱን ስም ወደ ኤሪያል ይቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ የድሮ ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የሚሠሩት በማስመሰል ነበር። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈ ነው የሚያውቀው፤ ፎንቱ ብቻ «ሀ»ን ይሥልበታል። ዋናዎቹ ፊደሎቻችን 33 በ7፣ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። ይህ ሁሉ በአንድ የድሮ ፎንት ውስጥ ስለማይበቃ ፊደሉን ለሁለት የከፈሉም ነበሩ። ለዚህ ነው ደብረ ብርሃን ላይ ያማረ ደብዳቤ ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲከፈት የጠንቋይ ጽሑፍ የሚመስለው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፎንቱ የለውማ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በድሮ ፎንት መጻፍ የሚያስገድድ ምንም ምክንያት የለም። ልማድ ነው እንጂ። በነጻ ከሚገኙት አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ለደብዳቤ ያምራሉ። ብዙ ሰው የለመደው ኒያላም ጥሩ ነው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው። ግን አዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ለብቻው ካልተጨመረ ላይኖር ይችላል። «ኒያላ ጠፋብኝ» የሚለኝ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ደግሞ በቁመቱ ትንሽ ነው፤ በሌላ ፎንት 12 የሚበቃው በኒያላ 13 ወይም 14 ይፈልጋል። አቢሲኒካ ደግሞ በተቃራኒው መስመሮቹን በጣም ያራርቃል፤ የመስመር ርቀቱን ቀነስ ማድረግ ነው።

አሁን ቴምፕሌቱን እንሥራ። ራይተርን ከፍተው አዲስ ገጽ ይያዙ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ብዙ ኮምፒውተር አሜሪካ ነኝ ብሎ ስለሚያምን ገጹን ሌተር በሚባለው የአሜሪካ ልክ ይከፍተዋል። እሱ 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ የምናትመው ኤ4፣ 210 በ297። ደብዳቤዎ ስክሪን ላይ አንድ ገጽ ሆኖ ማተሚያው ላይ የሚዘበራረቀው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። ፎርማት ውስጥ ፔጅ ስታይል ገብተው ኤ4 ያድርጉት።

ከዚያ ማስመሪያ ያምጡ። የምሬን ነው። የታተመውን ሌተርሄድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከወረቀቱ ጫፍ እስከ መጨረሻው መስመር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይለኩ። 4.8 ከሆነ የላዩን ማርጂን 5.5 ያድርጉት። ኢንተር እየደጋገሙ ወደ ታች መውረድ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ይህን ልክ የሚሰጡት «ፈርስት ፔጅ» ለሚባለው የገጽ ስታይል ነው፤ ኤፍ 11ን ሲጫኑ በጎን ከሚመጣው ዝርዝር፣ ከገጽ ስታይሎቹ መካከል እሱን ሁለቴ ተጭነው ገጹ ላይ ያድርጉት፣ ወረቀቱንም ኤ4 ያድርጉለት። በፔጅ ስታይል መስኮት ውስጥ ኦርጋናይዘር በሚለው ሥር «ኔክስት ስታይል» የሚል አለ፤ እሱን መደበኛው ገጽ ላይ ያድርጉት። የመደበኛውን ማርጂን 2.5 ያድርጉ። አሁን ደብዳቤው ሁለት ገጽ ከሆነ ሁለተኛው ገጽ ሌተርሄድ እንደሌለው ያውቃል፣ ከላይ ይጀምራል።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ፣ የአንቀጽ ስታይሎች፤ ለእያንዳንዱ የደብዳቤው ክፍል ስም ወጥቶለት የተቀመጠ መልክ ማለት ነው። ኤፍ 11ን ሲጫኑ የስታይሎች ዝርዝር በጎን ይመጣል። እዚያ አዲስ እየፈጠሩ በአማርኛ ስም ያውጡላቸው። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው፦ «ቁጥርና ቀን»፣ «ተቀባይ»፣ «ከተማ»፣ «ጉዳዩ»፣ «ሐተታ»፣ «የሐተታ መጨረሻ»፣ «ሠላምታ»፣ «ፈራሚ»፣ «ግልባጭ»። ለእያንዳንዱ ፎንቱን፣ መጠኑን፣ የቆመበትን ጎን፣ ከላይና ከታች ያለውን ክፍት ቦታ አንድ ጊዜ ይሰጡታል። «ቁጥርና ቀን» በቀኝ በኩል። «ተቀባይ» በግራ፣ ደመቅ ያለ። «ከተማ» ትንሽ ገባ ብሎ ከሥሩ መስመር ያለው። «ጉዳዩ» መሐል ላይ።

አሁን ደግሞ ላቴክን የሚያስረሳዎት ነገር። እያንዳንዱ የአንቀጽ ስታይል ኦርጋናይዘሩ ውስጥ እንደ ገጹ «ኔክስት ስታይል» አለው። ኢንተር ሲመታ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው ማለት ነው። ከ«ተቀባይ» ቀጥሎ «ከተማ»፣ ከ«ከተማ» ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ከ«ጉዳዩ» ቀጥሎ «ሐተታ» ብለው ያያይዟቸው። ከዚያ ይሞክሩት። የተቀባዩን ስም ጽፈው ኢንተር ሲመቱ ጠቋሚው ራሱ ገባ ብሎ ይቆማል። ከተማውን ጽፈው ኢንተር ሲሉ ወደ መሐል ይሄዳል። አይጥ አልነኩም፣ ቦልድ አልተጫኑም። አንድ ጸሐፊ ይህንን ሳሳያት «ይሄ ነገር ሐሳቤን ያውቃል እንዴ?» ብላኛለች። በወርድ ውስጥ ይኸው ነገር ስታይሉን ሞዲፋይ ሲሉ «ስታይል ፎር ፎሎዊንግ ፓራግራፍ» ተብሎ ተቀምጧል። ስንት ሰው ለዓመታት አጠገቡ ኖሮ አላየውም።

ብቻዋን ወደ ሁለተኛ ገጽ ስለምትወርደው «ከሠላምታ ጋር» ደግሞ። መፍትሔው ቴክስት ፍሎው በሚለው ሥር ያለው «ኪፕ ዊዝ ኔክስት ፓራግራፍ» ነው፤ ከቀጣዩ አትለየኝ እንደማለት። «የሐተታ መጨረሻ» የሚል ለየት ያለ ስታይል ያስፈለገኝ ለዚህ ነው። የደብዳቤውን የመጨረሻ አንቀጽ በእሱ ሲጽፉ «ከሠላምታ ጋር»ን የሙጥኝ ይላል። «ሠላምታ» ደግሞ ከ«ፈራሚ» ጋር ይያያዝ። ገጹ ካልበቃ ሦስቱም ተያይዘው ይወርዳሉ፤ ፊርማ ያለ ጽሑፍ ባዶ ገጽ ላይ አይቀርም። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ፊርማና ማህተም ብቻ ያለበት ገጽ በማንም እጅ ቢገባ ከላዩ ምን ሊጻፍበት እንደሚችል ማንም መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቃል።

ለፊርማ፣ ለማህተምና ለቲተር የሚሆነውን ቦታም በኢንተር አይሥሩት። «ፈራሚ» የሚለው ስታይል ከላዩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይኑረው። የእናንተ ማህተም ሰፋ ያለ ከሆነ 3 ያድርጉት።

ሐተታውን ግራና ቀኝ እኩል የማድረግ ነገር ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ያምራል ይላሉ። አማርኛ ግን ቃሉ ረጅም ነው። «እንዲያስተላልፉልን»፣ «ስለሚያስፈልጋቸው» ዓይነት ቃል መስመሩ መጨረሻ ላይ ሳይበቃው ሲቀር ሙሉውን ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀሩት አራት ወይም አምስት ቃላት ደግሞ እንደ ገበያ ቀን አህያ ተራርቀው ይቆማሉ። ፕሮግራሙ ቃሉን ከመሐል ቆርጦ በሰረዝ አያሻግርልዎትም። ስለዚህ በግራ አሰልፈው ቀኙን ይተዉት። አለቃዎ «ይህ ለምን ተንጋደደ?» ካሉ ሁለቱንም አትመው ጎን ለጎን ያሳይዋቸው።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ «2017» መስመሩ መጨረሻ ላይ ቀርቶ «ዓ.ም.» ታች ሲወርድ ያስጠላል። በመካከላቸው ተራ ክፍት ቦታ ሳይሆን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ስፔስን አንድ ላይ ይጫኑ። አይለያዩም። «አቶ» እና ስሙም እንዲሁ። አራት ነጥብን ደግሞ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ እየመቱ የሚሠሩ ከሆነ ይተዉት፤ አራት ነጥብ የራሱ ፊደል አለው። የቆዩ ፋይሎችን በኮንትሮልና ኤች ፈልጎ መተካት ይቻላል።

አሁን የሚለዋወጠውን ቦታ ምልክት እናድርግበት። ኢንሰርት፣ ፊልድ፣ ሞር ፊልድስ፣ ከዚያ ፈንክሽንስ ውስጥ «ፕሌስሆልደር» አለ። በእሱ «የተቀባይ ስም»፣ «ጉዳዩን እዚህ ይጻፉ»፣ «ግልባጭ 1» እያሉ ያስቀምጡ። ጥላ ያለው ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። ሲነኩትና ሲጽፉበት ይጠፋል። ያልተሞላ ከቀረም ዓይን ውስጥ ይገባል። የድሮው ተቀባይ ስም ተደብቆ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተዘጋ ማለት ነው፤ የድሮ ስም የሚባል ነገር ፋይሉ ውስጥ የለማ።

ሲጨርሱ እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን እንደ ቴምፕሌት ያስቀምጡት። ፋይል ውስጥ ቴምፕሌትስ፣ ሴቭ አዝ ቴምፕሌት። ከዚያ በኋላ ሲከፍቱት የሚከፈተው ኮፒው ነው፤ ዋናው አይነካም።

ቀኑን አውቄ ወደ ኋላ ያደረግሁት የራሴ ጉድ ስላለበት ነው።

ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ በቴምፕሌቱ ቀኑን ራሱ እንዲሞላ አደረግሁት። ስንፍና ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስለነበረ የፈረንጅ ቀን መሆኑ አላስጨነቀኝም። ወጪ ሆነ፣ ሄደ፣ ተረሳ። ከአራት ወር በኋላ እኛ ጋ የቀረው ቅጂ ከፋይሉ ጠፋና እንደገና አትም ተባልኩ። ከፈትኩ፣ አተምኩ፣ ሰጠሁ። ደብዳቤው የዚያን ዕለት ቀን ይዞ ወጣ። ተቀባዩ ጋ ያለው ሌላ ቀን አለው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቀን። መዝገብ ቤቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የደብረ ብርሃን ብርድ እያለ ላብ አጠመቀኝ።

ስለዚህ ቀን በእጅ ይጻፋል። ለአማርኛ ደብዳቤማ ሌላ ምርጫም የለም፤ ወርድም ራይተርም ራሳቸው የሚሞሉት የፈረንጁን ነው። በወርድ ቀን የሚያስገቡ ከሆነ «አፕዴት አውቶማቲካሊ» የሚለው ላይ ምልክት እንዳይኖር።

ለሁሉም ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ሜይል መርጅ የሚባለውን ይልመዱ። የቀበሌዎቹን ስም በካልክ ወይም በኤክሴል አንድ ዓምድ ላይ ይጽፋሉ፤ ከላይኛው ሳጥን «ተቀባይ» ብለው ርዕስ ይሰጡታል። ራይተር ውስጥ በቱልስ ሥር ያለው የሜይል መርጅ ዊዛርድ ከዝርዝሩ ጋር ያገናኝዎታል። ሊያትሙ ሲሉ ፎርም ሌተር ማተም ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ያደናግራል። በሁለተኛው ቀን 20 ጊዜ ስም መቀየር ምን ዓይነት ቅጣት እንደነበር ይገርምዎታል።

ሌሎች የሚነሡ ስሞች አሉ። ስክራይበስ ሌተርሄዱን ራሱን ዲዛይን ለማድረግና ለማተሚያ ቤት ለመላክ ግሩም ነው፣ ለዕለት ደብዳቤ ግን በመድፍ ዝንብ መምታት ነው። ታይፕስት አዲስና ከላቴክ የቀለለ ነው፤ ቢሆንም ያው ኮድ ነው። ጎግል ዶክስ ስታይል አለው፣ አማርኛም ይጽፋል። አስቀድመው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ካላዘጋጁት ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው አብሮ ይቆማል፤ መንዝ ላይ ተቀምጠው ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ደብዳቤውን በኢሜል ወይም በቴሌግራም ሲልኩ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞት ይሄዳል፤ ማንም ጋ ሲከፈት እርስዎ ያዩትን ነው የሚያየው። ተቀባዩ ሊያስተካክለው የሚገባ ረቂቅ ከሆነ ብቻ የራይተሩን ፋይል ይላኩ። ያኔም ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንት ውስጥ «ኢምቤድ ፎንትስ» የሚለውን ያብሩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሌተርሄድ ከማባከንዎ በፊት። ቴምፕሌቱን ሞልተው መጀመሪያ በነጭ ወረቀት ያትሙት። ከዚያ ባዶውን ሌተርሄድ ከሥሩ አድርገው ሁለቱንም አንድ ላይ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይለጥፏቸው። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው በደንብ ይታያል። «ቁጥር» የሚለው የሌተርሄዱን መስመር ከነካ፣ ወይም የታችኛው ስልክ ቁጥር ግልባጩ ላይ ካረፈ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና የገጹን ማርጂን በዚያው ልክ ያስተካክሉ። ሁለት ወይም ሦስት ነጭ ወረቀት ይበቃዎታል።